ነጩን ጀልባ ልግዛ ወይስ ሰማያዊውን?

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎት ከሐይቅ ከተማ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። እስካሁን የኖርኩት በመቅዘፊያ በሚሄድ የእንጨት ጀልባ እንግዳ እያዝናናሁ ነው። አሁን ሳውዲ ያለችው ታላቅ እህቴ "ከዚህ ጉልበት ጨራሽ ስራ ውጣ፣ ባለሞተር ግዛ" ብላ ገንዘብ ልካልኛለች። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት የለፋችበት ነው።

ሁለት ያገለገሉ ጀልባዎች አግኝቻለሁ። ሁለቱም ፋይበር ግላስ ናቸው፣ ርዝመታቸው ወደ 5 ሜትር ከ20፣ ወርዳቸው 2 ሜትር። ሁለቱም ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላቸው፣ ሁለቱም የሚሸጡት ከነተሳቢያቸው ነው። ነጩ ሀዋሳ ነው ያለው። ፎር ስትሮክ ነው፣ ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ አዲስ ነው። ሰማያዊው ባህር ዳር ነው። ቱ ስትሮክ (ቤንዚኑ ላይ ዘይት የሚቀላቀልበት) ነው፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ወለሉ ላይ ጥገና አለበት፣ ግን በ60 ሺህ ብር ይረክሳል። ባህር ዳር ሄጄ ሰማያዊውን ጣና ላይ ነድቼዋለሁ። ነጩን ያየሁት ግን በፎቶና ደላላው በላከልኝ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ግቢ ውስጥ፣ ተሳቢው ላይ እንዳለ ሞተሩን ሲያስነሱት ያሳያል። 10 ሰው ይጭናል ብሎኛል።

እህቴ ቪዲዮውን አይታ "ነጩን" አለች። ኮምቦልቻ ጋራዥ የሚሰራ ሜካኒክ ጓደኛ አለኝ፣ እሱ "ሰማያዊውን ግዛ፣ ሌላ አትስማ" ይላል። ሚስቴ "እንዳሻችሁ" ብላ ዝም አለች። ደላላው ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቶሎ ቀብድ ላክ እያለ በየቀኑ ይደውላል። እኔም ለመስከረም፣ ለግሸን እንግዳ ይድረስልኝ ብዬ ቸኩያለሁ። ነጩን ካልገዛሁ እህቴ ትቀየመኛለች፣ ነጩን ገዝቼ ቢበላሽ ደግሞ ላቧ ውሃ በላው ማለት ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦

ወንድም ዓለም፣ አብሽር። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ጀልባዎቹ ብዙ ነግረኸኛል። እህትህ ምን እንዳለች፣ ጓደኛህ ምን እንዳለ፣ ሚስትህ ዝም እንዳለች ነግረኸኛል። አንተ የትኛውን እንደምትፈልግ ግን አንድም ቦታ አልጻፍክም። ጣና ላይ ሰማያዊውን ስትነዳው ምን ተሰማህ? ደስ አለህ ወይስ የሆነ ነገር ቆረቆረህ? እዚህ ላይ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የሚያጣድፍህን ነገር እንጨርሰው።

ቀብድ አትላክ። በፍትሐ ብሔር ህጋችን አንቀጽ 1885 መሰረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ጥሩ ነው። ግን ባለቤት ይሁን ደላላ በቅጡ ያልለየኸውን፣ በስልክ ብቻ የምታውቀውን ሰው ሀዋሳ ድረስ ሄደህ "እጥፉን አምጣ" ብለህ ስትከራከር ይታይህ። የግድ ቀብድ መስጠት ካለብህም ጀልባውን ውሃ ላይ ካየህ በኋላ ይሁን። ለባለቤቱ ለራሱ፣ በጽሁፍ፣ በምስክር። ወረቀቱ ላይም "በሜካኒክ ታይቶ ችግር ከተገኘ ቀብዱ ይመለሳል" የሚል መስመር አስገባበት። ሌላ ገዢ መጥቷል ስለሚለው ደግሞ፣ ደላላ መቼም ሌላ ገዢ አጥቶ አያውቅም። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። እና ይሽጠዋ! በዓይንህ ያላየኸው ጀልባ ቢያመልጥህ ምን ጎደለብህ?

አሁን ወደ ቪዲዮው። እህትህን ያስደሰታት ቪዲዮ እኔን ትንሽ አሳስቦኛል። የጀልባ ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም፣ የሚቀዘቅዘው ከሀይቁ ውሃ እየሳበ ነው። ውሃውን የሚስብለት እግሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ውስጥ ያለው የጎማ ክንፍ ያለ ውሃ ከተሽከረከረ ደቂቃ ሳይሞላ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ቪዲዮውን እንደገና ክፈተው። የሞተሩ እግር በርሜል ውሃ ውስጥ ገብቷል? ወይስ የውሃ ጎማ ተሰክቶበታል? ከሞተሩ ከኋላ ወይ ከጎን ቀጭን ውሃ ሲረጭ ይታያል? አንዱም ከሌለ በደረቁ ነው ያስነሱት። የጎማ ክንፉን መቀየር ብዙ ወጪ አይደለም። ሞተሩ በደረቁ ሲሰራ ግሎ ከሆነ ግን የውስጥ ጉዳቱ በቪዲዮ አይታይም። ዋናው ነገር፣ ሊሸጠው ሲል በደረቅ የሚያስነሳ ሰው ቀድሞስ እንዴት ይዞት ነበር? ይሄንን ጠይቅ።

ለምን ውሃ ላይ እንዳላሳዩህም ጠይቅ። ሀይቁ እኮ አጠገባቸው ነው።

ወደ እህትህ ልምጣ። ነጩን ካልገዛህ እንደምትቀየም እርግጠኛ ነህ? ወይስ ፈርተህ ነው? ዘጠኝ ዓመት የለፋ ሰው የላቡን ፍሬ አዲስና የሚያበራ ሆኖ ማየት ቢፈልግ አይፈረድበትም። እሷ ግን የመረጠችው አንተ ከላክህላት ፎቶና ቪዲዮ ተነስታ ነው። ሌላ ነገር አላየችም። ደግሞ አትቆጣኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነጩን ገዝተህ ቢበላሽ "አንቺ ነሽ ያልሽው" የምትልበት ቀዳዳ ፈልገህ ይሆን? ልብህ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ አታፍርበት፣ ግን እወቀው። በየቀኑ ጀልባው ላይ የምትቆመው አንተ ነህ፣ ውሳኔውንም ከእሷ ትከሻ ላይ ማንሳት ያለብህ አንተ ነህ።

ደውልላት። "ነጩን ለምን ወደድሽው?" ብለህ ጀምርና እስክትጨርስ አዳምጣት። መልኩን ነው? ዕድሜውን ነው? ወይስ አንተ ቱ ስትሮክ ጭስ ውስጥ እንዳትውል አስባ ነው? ከዚያ ከገንዘቡ ላይ የሚቸግረውን ጥያቄ አንሳ። ይሄ ብር ስጦታ ነው፣ ብድር ነው፣ ወይስ ድርሻ? ውሉ በማን ስም ይጻፍ? እኛ ወሎዬዎች በዘመድ መካከል እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ከዓመታት በኋላ እህትህ ጠቅልላ ስትመጣ ግን የሚያጣላው ያልተጠየቀው ነው። በስልክ የተባባላችሁትን ዋትሳፕ ላይ አጠር አድርገህ ጻፍላት። ሚስትህንም ቡና ስታፈላ ጠብቀህ በደንብ አነጋግራት። ጀልባው ላይ የምትደክመው አንተ ብቻ አትሆንም፣ ቤቱም አብሮ ነው የሚደክመው፣ እሷም የምታውቀው ነገር ይኖራል።

እሺ፣ ጀልባዎቹ። በወረቀት ላይ ስታያቸው መጠናቸውም ጉልበታቸውም አንድ ነው፣ ለዚያ ነው የተጨነቅከው። ጥያቄህን ብትገለብጠው ይቀልሃል። የትኛው ይሻላል ከማለት ይልቅ ስራዬ ምንድን ነው በል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ በእግርም በመኪናም ይደረሳል። ስለዚህ እንግዳ አሻግረህ ሂሳብ የምትቀበል ሰው አይደለህም። ሰው ያንተ ጀልባ ላይ የሚወጣው ነፋስ ሊቀበል፣ ፎቶ ሊነሳ፣ የሀይቁን ዙሪያ ሊያይ ነው። ፍጥነት አይጠቅምህም። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሽማግሌና ህፃን ሲገባበት የማይንገዳገድ፣ ቤንዚን የማይጨርስ ጀልባ ነው የሚያስፈልግህ። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት ገዳም ስር እየጮኸ የሚያልፍ ሞተር ማንም አይወድልህም። ቆሮሶ ለማስገር መረብ የዘረጉት ልጆችም በማዕበልህ ከተረበሹ ጠብ ነው።

በዚህ መለኪያ ነጩ በሞተሩ ያሸንፋል። ፎር ስትሮክ ፀጥ ያለ ነው፣ ቤንዚን ላይ ዘይት አይቀላቀልበትም፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። በካርቡራተር የሚሰራ ቱ ስትሮክ ለተመሳሳይ ስራ ሲሶ ያህል ተጨማሪ ቢጠጣ አይግረምህ። ቤንዚን ለመቅዳት ተሰልፎ የሚያድር ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ደግሞ ሐይቅ ውሃው የሚወጣበት ወንዝ የለውም። የገባበት ዘይት እዚያው ነው የሚቀረው።

ሰማያዊው ደግሞ በቀላልነቱ ያሸንፋል። ቱ ስትሮክ ውስጡ ብዙ ነገር የለውም። ካንዴላ፣ ካርቡራተር፣ ዘይቱን በልኩ መቀላቀል፣ እና ሄደ። ክብደቱም ከፎር ስትሮኩ ከ20 ኪሎ በላይ ያንሳል። ጓደኛህ ሰማያዊውን የመረጠው ለዚህ ይመስለኛል። ግን እሱንም ጠይቀው። ጀልባው ጥሩ ስለሆነ ነው ወይስ የሚያውቀው ሞተር ስለሆነ? ሁለቱ ይለያያሉ። ሁለተኛውም ቢሆን ትልቅ ምክንያት ነው። ፎር ስትሮኩ አንድ ቀን እምቢ ሲል ደሴ ወይ ኮምቦልቻ የሚከፍተው ሰው አለ? መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል? ስልክ ደውለህ አጣራ። ለፓምፑ የጎማ ክንፍ፣ ለዘይት ፊልትሮ፣ ለካንዴላ ዋጋና የሚመጣበትን ቀን የሚነግርህ ሰው ካላገኘህ ነጩን እርሳው።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ ከፍታው ነው። ሐይቅ ከባህር ጠለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል። እኛ ሀይቅ ላይ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው፣ 40 የተባለው 32 አካባቢ ይሆናል። ሀዋሳም ጣናም ከኛ ዝቅ ስለሚሉ እዚያ የሞከርከው እዚህ ትንሽ ይደክማል። ይሄ ለሁለቱም እኩል ነው፣ ግን መፍትሄው ይለያያል። በኮምፒውተር ቤንዚን የሚረጭ ፎር ስትሮክ ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል። ካርቡራተር ያለው ቱ ስትሮክ ቤንዚን ይበዛበትና ይታፈናል፣ በሜካኒክ መስተካከል አለበት። በሁለቱም ላይ ፕሮፔለሩን ማየት አለብህ። ሰው ጭነህ ሙሉ ጋዝ ስትሰጠው የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን የደቂቃ ዙር ካልደረሰ፣ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ይፈልጋል። እንደ ከባድ ማርሽ አስበው፣ ሞተሩ በማይችለው ማርሽ ዳገት ሲወጣ ነው የሚያልቀው።

አካሉን ስታይ ቀለም አያታልልህ። ፋይበር ግላስ ራሱ አይበሰብስም፣ የሚበሰብሰው ውስጡ የተቀበረው እንጨት ነው። ብዙ ጀልባ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ውስጥ ኮምፔንሳቶ አለ። በቡሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባ ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ ግን አብረቅራቂ ሆኖ ይቆያል። የሞተሩን እግር ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው፣ ግድግዳው አብሮ ከተለጠጠ ትተህ ውጣ። ከዚያ በመዶሻ እጀታ ዙሪያውን ቀስ እያልክ ምታው። ደህናው ቦታ ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፣ የበሰበሰው የታፈነ። ወለሉ ላይ በእግርህ ተራመድ፣ ስፖንጅ የመሰለ ቦታ ካለ ከስሩ ያለው እንጨት ወይ ፎም ውሃ ጠጥቷል። የሰማያዊውን ጥገና ነገር በዚህ ዓይን ነው የማየው። ማን ጠገነው? ከስሩ ምን አግኝቶ? ጥሩ ሆኖ የተጠገነ ወለል ካልተነካ ወለል ሊሻል ይችላል፣ ላዩን የተለጠፈ ከሆነ ግን 60 ሺህ ብሩ የት እንደሄደ ታውቃለህ። የነጩ አዲስ ወንበርና የሚያበራ ቀለምም ይጠየቅበት። ለሽያጭ ነው የተቀባው ወይስ ድሮም እንዲህ ነበር? ከተቻለ ጀልባውን ከነተሳቢው የመኪና ሚዛን ላይ አስመዝነው። መጠናቸው አንድ ሆኖ አንዱ በጣም ከከበደ ከውስጡ ውሃ ይዟል።

ከሞተሩ እግር ላይ የማርሽ ዘይቱን ትንሽ አፍስስና እይ። ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል።

10 ሰው ይጭናል ያለህን አትቀበል። ለእንዲህ ያለ ጀልባ የተለመደ ሂሳብ አለ። ርዝመቱንና ወርዱን በጫማ (ፊት) ለካ፣ አባዛቸው፣ ለ15 አካፍል። ያንተ 17 ጫማ በ6 ተኩል ነው፣ አንተን ጨምሮ 7 ሰው ይወጣዋል። ያውም ፀጥ ባለ ውሃ። በ10 ሰው ሂሳብ ገቢህን አስልተህ ከነበረ ዛሬውኑ እንደገና አስላ፣ ለሰባቱም ላይፍ ጃኬት ጨምርበት።

ተሳቢውን አንተ በአንድ ቃል አልፈኸዋል፣ እኔ ግን እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ነጩ ከሀዋሳ ሲመጣ አዲስ አበባን አልፎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ፣ ያንን የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርዶ፣ ከኮምቦልቻ ደሴን ደግሞ ዳገት ወጥቶ ነው። ሰማያዊው ከባህር ዳር በደብረ ታቦር፣ በጋሸና አድርጎ፣ ድልብን ወርዶ ወልድያ ይገባል፣ ከዚያ መርሳ፣ ውጫሌ፣ ሐይቅ። ሁለቱም መንገድ ላይ ጭነት ከኋላ የሚገፋበት ረጅም ቁልቁለት አለ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው? ከሌለው የሚጎትተው ፒክአፕ ፍሬን ብቻውን ይሸከመዋል፣ ደብረ ሲና ላይ ሲግል ምን እንደሚሆን የመንገዱ ሰው ይነግርሃል። ኩሽኔታዎቹ ከነግራሶአቸው ይታዩ፣ ባሌስትራው ይታይ፣ የጎማው ዕድሜ ይታይ፣ መለዋወጫ ጎማ ይኑር። ተሳቢው ከመኪናው የሚያያዝበት ጋንቾ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው አንድ አስረኛ አካባቢ መሆን አለበት። በጣም ካነሰ ተሳቢው ከኋላህ ይወዛወዛል። ካላመንከው ጀልባውን አይሱዙ ላይ ጭነህ ተሳቢውን ባዶውን አስከትል፣ ወይም ሁለቱንም ጫናቸው። ብዙ ተጨማሪ ገንዘብ ነው፣ ግን ጀልባው መንገድ ዳር ከሚቀር ይሻላል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሳትህ በፊት ከሾፌሮች ጠይቅ።

ከመጣስ በኋላ በዓመት ስንት ጊዜ ከውሃ ታወጣዋለህ? አንዳንዴ ጎረቤታችን አርድቦ ሀይቅ ይዘኸው ልትወጣ አስበህ ከሆነ፣ ወይም ማታ ማታ ግቢህ አስገብተህ ማደር ከፈለግክ፣ ደህናው ተሳቢ ያለው ጀልባ ትልቅ ብልጫ አለው። ሁሌ ውሃ ላይ የሚያድር ከሆነ ግን ተሳቢው የአንድ ጉዞ ነገር ነው፣ አካሉ ላይ አተኩር።

እኔን ከጠየቅከኝ ልቤ ወደ ነጩ ያደላል፣ ግን ካለፈ ነው። ለሀይቁ ስራ ፎር ስትሮክ ይስማማል። ነገር ግን ያላየኸውን ነጭ ከነዳኸው ሰማያዊ ጋር ማወዳደር አትችልም፣ አሁን የያዝከው አንድ ጀልባና አንድ ቪዲዮ ነው። ስለዚህ ጓደኛህን የመንገድና የቀን ወጪውን ሸፍነህለት ይዘኸው ሀዋሳ ሂድ። (አሳውን ሳትበሉ እንዳትመለሱ።) ጀልባውን ውሃ ላይ አስወርደው፣ ሰው አስጭን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ንዳው፣ ከዚያ አጥፍተህ ትኩስ እንዳለ መልሰህ አስነሳው። ትኩሱን ሞተር ማስነሳት ካስቸገራቸው ምክንያቱን ይንገሩህ። እዚያው ጀልባው ላይ ሆነህ ለእህትህ በቪዲዮ ደውልላት። የመዶሻውን ድምፅ እሷም ትስማ። ነጩ ከወደቀ አይታው ነው የሚወድቅባት፣ አንተ እምቢ ብለሃት አይሆንም። ካለፈ ደግሞ ሁለታችሁም ደስ ብሏችሁ ትገዙታላችሁ። ባለቤቱ ውሃ ላይ አላወርድም ካለ ነገሩ አለቀ። በመጣህበት ተመልሰህ፣ ለሰማያዊው ወለል ደግሞ ባህር ዳር የጀልባ ፋይበር የሚሰራ ሰው አስፈልገህ ታስመረምራለህ።

ገንዘቡን ሁሉ ጀልባው ላይ አትጨርሰው። ማጓጓዣ፣ ፕሮፔለር፣ የተሳቢ ፍሬን፣ ላይፍ ጃኬት፣ የመጀመሪያው ሰርቪስ፣ ፈቃድ፣ ሁሉም ብር ይፈልጋል። ሰማያዊው የረከሰበት 60 ሺህ ብርም ካስፈለገ ለዚህ ነው የሚሆንህ። ስለ ፈቃዱ ከመግዛትህ በፊት ተሁለደሬ ወረዳ ሄደህ ሰው የሚጭን ባለሞተር ጀልባ ምን እንደሚጠየቅ በጽሁፍ አስነግር፣ የሀገር ውስጥ የውሃ ትራንስፖርት የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለስልጣንም የሚመለከተው ጉዳይ ነው። ሻጩ የባለቤትነት ወረቀትና የሞተሩን ቁጥር ማሳየት አለበት፣ ቁጥሩን ከሞተሩ ላይ ራስህ አንብበህ አመሳክር።

መስከረም 21 ካልደረሰልህም አይጭነቅህ። የግሸን እንግዳ ቢያልፍ ጥር ላይ ጥምቀት አለ፣ እስከዚያ የእንጨት ጀልባህ አልከዳችህም። ሀዋሳ ስትደርስ የሁለቱን ነገር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ፕሮፔለሩ ላይ የተቀረፁትን ቁጥሮችና ሞተሩ የታሰረበትን ግድግዳ ከውስጥ በኩል። ከመክፈልህ በፊት አብረን እናየዋለን።